የስምንት ሚሊ ሜትር ትዕይንት፦ የዳርት ውድድርን መመልከት ስለምን ይማርካል?

(ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ፈገግታ እንደሚያጭር አውቃለሁ። ዳርት በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ያደገ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ አይሮጡም፣ አይዘሉም፣ እርስ በርሳቸውም አይነካኩም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2024 በለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ የተካሄደውን የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በብሪታንያ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሕዝብ በአንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ተመልክቶታል። አንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ሌሊቱን ሙሉ የሚደጋገምበት ትዕይንት ይህን ያህል ሰው የሚይዘው በምን ኃይል ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ዳርት በማወቅና በማድረግ መካከል ያለውን ርቀት በዓይን እንድናየው ያደርጋል።

ሰሌዳውና ስሌቱ

በመጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቁት ላስረዳ። ተጫዋቾቹ መወርወሪያቸውን “ፍላጻ” ይሉታልና እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። ወርዋሪው ከሰሌዳው 2.37 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ የሰሌዳው መካከል ከወለሉ 1.73 ሜትር ከፍ ይላል። ክቡ ከ1 እስከ 20 በተቆጠሩ ክፍሎች ተከፍሏል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ነጥቡን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ቀጭን ቀለበት፣ በዳርቻውም ሁለት እጥፍ የሚያደርግ ሌላ ቀለበት አለ። የቀለበቶቹ ስፋት ስምንት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከእርሳስ ውፍረት እምብዛም የማይበልጥ ነው። ከፍተኛው ነጥብ የ20 ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 60 ነው፤ በሦስት ፍላጻ 180 ይገኛል። ነገር ግን የ20 ጎረቤቶች በግራ 5፣ በቀኝ 1 ናቸው። ከፍተኛውን የሚመኝ ሰው ጥቂት ከሳተ የሚያገኘው ዝቅተኛውን ነው።

ተጫዋቹ ከ501 ጀምሮ እየቀነሰ ልክ ዜሮ ላይ መድረስ አለበት፤ የመጨረሻው ፍላጻ ደግሞ የግድ በእጥፍ ቀለበት ላይ ወይም በሰሌዳው እምብርት ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ለእኔ የጨዋታው ነፍስ ይህች ሕግ ናት። ሁለት መቶ ነጥብ የቀደመ ሰው በሩ ላይ ቆሞ መግባት ሊያቅተው ይችላል፤ ተቀናቃኙም እስኪደርስበት ድረስ ጊዜ ያገኛል።

ስሌቱን ተመልካቹ በአንድ ምሽት ይማረዋል። ለምሳሌ ብዙ ተጫዋቾች 32 ነጥብ ሲቀራቸው ደስ ይላቸዋል፤ የ16ን እጥፍ ስተው ተራውን 16 ቢመቱ 16 ይቀርና የ8 እጥፍ ይጠብቃቸዋል፤ እርሱንም በተመሳሳይ መንገድ ቢስቱ የ4 እጥፍ ይቀራል። ይህን የተረዳ ተመልካች ወርዋሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ከእርሱ እኩል ያውቃል። ነፋስ የለም፣ የዳኛ ትርጓሜ የለም፣ የተቃራኒ እግር የለም። የሚቀረው እጅ ብቻ ነው።

የሚታጠፍ መዝገብ

እኛ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሩጫን በማየት ያደግን ነን። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ነበር። በሩጫ ግን የተገኘው ርቀት አይጠፋም፤ አንድ መቶ ሜትር የቀደመ ሯጭ ርቀቱን ይዞት ይሄዳል። በዳርት እንዲህ አይደለም። ሦስት ዙር ያሸነፈ አንድ ምዕራፍ ይወስዳል፤ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜን የሚያሸንፈው ሰባት ምዕራፍ ቀድሞ የወሰደ ነው። አንዱ ዙር ሲዘጋ መዝገቡ ይታጠፋል፣ ሁለቱም እንደገና ከ501 ይነሣሉ። ስለዚህ ትናንሽ ፍርዶች በየደቂቃው ይሰጣሉ፤ ዋናው ፍርድ ግን እስከ መጨረሻው ክፍት ይቆያል።

ሁለት ፍላጻዎች

ነገሩን በሁለት ምሳሌ ላሳይ። 501ን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ትንሹ የፍላጻ ቁጥር ዘጠኝ ነው። ይህን በቴሌቪዥን ፊት በመጀመሪያ የፈጸመው ጆን ሎው ነበር፤ ዓመቱም 1984። በ2023 የፍጻሜ ውድድር ሚካኤል ቫን ገርወን ስምንት እንከን የለሽ ፍላጻዎችን ወርውሮ ዘጠነኛውን በ12 እጥፍ ላይ ሳተው። ስድስት እንከን የለሽ ፍላጻዎችን ወርውሮ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ማይክል ስሚዝ ቀረበና የ20ን ሦስት እጥፍ፣ የ19ን ሦስት እጥፍ፣ በመጨረሻም ያንኑ የ12 እጥፍ መታ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አዳራሹ ተመሳሳዩን ዕድል በሁለት እጆች ሲፈተን አየ። ስሚዝ ፍጻሜውን 7 ለ 4 አሸነፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ በመግቢያዬ የጠቀስሁት የ2024 ፍጻሜ ነው። የ16 ዓመቱ ሉክ ሊትለር ሉክ ሃምፍሪስን 4 ለ 2 እየመራ 5 ለ 2 የሚያደርገውን ፍላጻ በ2 እጥፍ ላይ ወረወረ፤ ሳተም። ከዚያ በኋላ ሃምፍሪስ አምስት ምዕራፎችን በተከታታይ ወስዶ 7 ለ 4 አሸነፈ። ውጤቱን ያቺ አንዲት ፍላጻ ብቻ ወሰነች ለማለት አልደፍርም፤ ተመልካቹ ግን ታሪኩ የታጠፈበትን ቦታ በጣቱ መጠቆም ይችላል። በዓመቱ በዚያው ዕለት ሊትለር ቫን ገርወንን 7 ለ 3 ረትቶ በ17 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ፊትና እጅ

የቴሌቪዥን ድርሻም ቀላል አይደለም። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን የወርዋሪው ፊት፣ በሌላው ሰሌዳው ይታያል። ሐሳብንና ውጤቱን በአንድ ቅጽበት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሌላ ስፖርት ለማግኘት እቸገራለሁ። ሰው ሲያመነታ ምን እንደሚመስል፣ ምራቁን ሲውጥ፣ ዓይኑ ሲርቅ እናያለን።

የዚህ ሁሉ ጥልቅ ማስረጃ “ዳርታይተስ” የተባለው ችግር ነው፤ ተጫዋቹ ፍላጻውን ይዞ ጣቶቹ አልለቅ ይሉታል። አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኤሪክ ብሪስቶው በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ይህ ደርሶበታል። እውቀቱ አልጎደለም፣ ጡንቻውም አልደከመም፤ ሺህ ጊዜ ያደረገውን ነገር ማድረግ ግን ተሳነው። በቃል ፈተና ፊት የሚያውቀው መልስ ከአንደበቱ አልወጣ ያለው ተማሪ ብሪስቶውን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ስለ አዳራሹ

ጎልፍ ዝምታን ሲጠይቅ የዳርት አዳራሽ ይዘፍናል፤ ተመልካቹ አስቂኝ ልብስ ለብሶ ይመጣል፣ ማዕረግም ለጊዜው ይረሳል። የእኛ የገና ጨዋታ ጌታና ሎሌን ለአንድ ቀን እኩል ያደርጋል እየተባለ ሲነገር ያደገ ሰው ይህ መንፈስ አይጠፋውም። መድረኩም ቁመትና ጉልበትን ብዙ አይጠይቅም፤ ፋለን ሼሮክ በ2019 በፕሮፌሽናሉ የዓለም ሻምፒዮና ወንድ ተጋጣሚን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ይህን ስል ጉድለቱን አልሸሽግም፤ የቢራው ሽያጭና የቁማር ድርጅቶች ገንዘብ ከዚህ ስፖርት ጋር የተቆራኙ ናቸው፣ ሊጠየቁም ይገባል።

ነገር ግን መጠጥ ቤት የተወለደ ሁሉ ለምርምር አይበቃም የሚለውን ልማድ ልንመረምረው ይገባል። የሰው ልጅ የሚያውቀውን በሚፈለግበት ሰዓት ለማድረግ የሚያደርገው ትግል የሥነ ልቡና፣ የፍልስፍናና የትምህርት ጥናት ርእስ ነው። ዳርት ይኸንኑ ትግል ስምንት ሚሊ ሜትር በሆነ ቀለበት ውስጥ አኑሮ፣ በሦስት ፍላጻ ይለካዋል። ሚሊዮኖች ዓይናቸውን የማይነቅሉት ከራሳቸው ሕይወት የሚያውቁትን ነገር በዚያ ስላዩ ነው ብዬ አምናለሁ።