የኩላሊት እጥበት በነጋዴ ሂሳብ ሲሰላ

‹‹በሕመም ምክንያት በአስቸኳይ የሚሸጥ›› የሚለው ማስታወቂያ ለደላሎቻችን እንግዳ አይደለም። ማስታወቂያውን ያየ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ምን ያህል እንደሚቀነስለት ያሰላል። ልደታ ኮንዶሚኒየምን በመሰለ መሐል ከተማ ያለ ቤት እንኳ በዚህ መልክ ገበያ ከወጣ የሚገባውን አያወጣም፤ የቸኮለ ሻጭ አይደራደርምና። ከእንዲህ ዓይነቱ ሽያጭ ጀርባ ከሚገኙት በሽታዎች አንዱ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ነው። ሕክምናውን ለሐኪሞች ትተን ሂሳቡን እንመርምር። ብዙ ቤተሰብ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚንኮታኮተው ወጪውን በተሳሳተ መዝገብ ስለሚጽፈው ነው።

ቀዶ ሕክምና የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። ንብረት ተሸጦ፣ ከዘመድ ወዳጅ ተዋጥቶ ይከፈላል፤ ያበቃል። እጥበት ግን እንደ ሱቅ ኪራይና እንደ ሠራተኛ ደመወዝ በየሳምንቱ እየተመላለሰ የሚጠይቅ ነው። ቤተሰቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀዶ ሕክምና ቆጥሮት ይሸጣል፣ ያዋጣል፣ ይከፍላል። ገንዘቡ ሲያልቅ በሽታው አላለቀም።

ለመሆኑ እጥበት ምንድን ነው? ጤናማ ኩላሊት ቀን ከሌት ደም እያጣራ ትርፍ ውኃንና ቆሻሻን በሽንት ያስወግዳል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ዋነኞቹ ጠላቶቹ ናቸው። ሐኪሞች ጉዳቱን በአምስት ደረጃ የሚከፍሉት ሲሆን፣ በመጨረሻው ደረጃ የማጣራት አቅሙ ከ15 በመቶ ገደማ በታች ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ሥራውን ማሽን ይረከባል፤ የተለመደው ሥርዓትም በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ነው።

ማሽኑ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ማጠቢያ ፈሳሽ ያሳልፋል። ይህም በ4 ሰዓት 120 ሊትር ይሆናል፤ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። ያውም በልዩ መሣሪያ ከተጣራ ውኃ የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ በማጣራቱ ሂደት የሚፈሰው ሲታከልበት ፍጆታው ከዚህ ይበልጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሮቶ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። ማጣሪያው፣ የደም ቱቦው፣ መርፌው፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ውኃ፣ መብራትና የውጭ ምንዛሪ፣ ሦስቱ የከተማችን ጭንቀቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

በዚህ የተነሳ የእጥበት ዋጋ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ከፍተኛ ሆስፒታሎች የአንድ ታማሚ አማካይ ዓመታዊ ወጪ ወደ 121 ሺህ ብር መሆኑን አስልቷል። በሳምንት ሲካፈል ከ2,300 ብር በላይ ነው። ይህ የተሰላው አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ መሆኑ ልብ ይባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 121 ሺህ ብር እንደ አሮጌ ዋጋ ይታይ፤ የዕለቱን ዋጋ ከማዕከሉ ጠይቆ ማስላት ግድ ነው። የማንኛውም ሸቀጥ ዋጋ ሲንር ፈላጊው ይቀንሳል ወይም ሌላ ይተካል። እዚህ ግን ምትክ የለም። ዋጋው ቢናርም ፈላጊው ይፈልጋል፤ የሚቀነሰው የሳምንቱ ቀን ነው። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

በዚያው ጥናት ለነጋዴ አንባቢ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው ሌላው አኃዝ ነው። ከጠቅላላ ወጪው ከአምስት እጅ አንዱን የሚበልጠው ለሆስፒታልም ለመድኃኒት ቤትም አልተከፈለም። ታማሚውና አስታማሚው ከሥራ በመቅረታቸው የጠፋ ገቢ ነው። ደረሰኝ ስለሌለው ማንም አይመዘግበውም።

እንበልና መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ በልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ባለቤቱ እጥበት ጀመረች። አራቱ ሰዓት መነሻው ብቻ ነው። መሄጃው፣ ተራ መጠበቂያው፣ ከማሽኑ ወርዳ ግፊቷ እስኪስተካከል ማረፊያው፣ መመለሻው ሲደመር 7 ሰዓት ያህል ይሆናል። በሳምንት 3 ጊዜ ከሆነ 21 ሰዓት፤ የሥራ ሳምንት ግማሽ ማለት ነው። ሊፍት በሌለበት ሕንጻ ደግሞ ከእጥበት በኋላ ደክሞ የመጣ ሰው ደረጃውን ደግፎ የሚያወጣው ይፈልጋል። ነጋዴው ራሱ ካስታመመ ሱቁ በሳምንት ሦስት ቀን ይዘጋል ወይም በሌላ እጅ ይወድቃል፤ ልጁ ካስታመመ ትምህርቱ ይጎዳል። ተራ አውጥቶ መከፋፈል፣ ወይም በክፍያ አስታማሚ መያዝ ‹‹ዘመድ እያለ›› የሚያሰኝ ቢሆንም፣ የሚዘጋው ሱቅ የሚያስገባው ከአስታማሚው ክፍያ ከበለጠ ሂሳቡ ግልጽ ነው።

ሰውየው የመጀመሪያው ሐሳቡ ከሁለት አንዱ ነው፤ የሱቁን የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ መንካት ወይም ቤቱን መሸጥ። ሁለቱም ሳምንታዊውን ወጪ የሚሸከመውን ሳምንታዊ ገቢ ይቆርጣሉ። በተለይ ዕቃ ማዞሪያውን የበላ ነጋዴ የሚቀጥለውን ወር እጥበት ከምን ይከፍላል? ቤቱን ሸጦ ራቅ ወዳለ ሰፈር ኪራይ መግባትም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ልደታ ለቀላል ባቡሩ ቅርብ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ዳር ከተማ የገባ ቤተሰብ በሳምንት ስድስት ጊዜ፣ ሲሄድና ሲመለስ፣ ለኮንትራት ታክሲ ይከፍላል። ታማሚዋ ደካማ በሆነችበት ቀን ሚኒባስ አይሞከርም። በእኛ ግምት የተሻለው መንገድ ያለውን ንብረት ወደ ኪራይ ገቢ መለወጥ፣ ቢቻል በዚያው ግቢ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት መቀያየር ነው። (ደላሎች ለዚህ ዓይነቱ ቅያሬ ከሽያጩ ያነሰ ኮሚሽን እንደሚያገኙ ባንዘነጋውም።) የዕቁብ ዕጣንም ቢሆን መጀመሪያ አውጥቶ መጨረስ ሳይሆን ከወራቱ ጋር አጣጥሞ መውሰድ ያዋጣል።

አሁን ወደ ቀን ቅነሳው እንመለስ። ሦስቱን ወደ ሁለት ያወረደ ቤተሰብ በዓመት ከ156 ወደ 104 ዙር በመውረዱ ሲሶውን ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ያልወጣው ውኃ ሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም ትንፋሽ ያጥራል። ያልወጣው ፖታሲየም ደግሞ ልብን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያቆም ይችላል። በሌሊት ድንገተኛ ክፍል፣ ብሎም ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት ደግሞ የተቆጠበውን ከነወለዱ ይወስዳል። በሁለት እጥበት መካከል ያለው ረጅሙ ክፍተት ከሁሉ የከፋ መሆኑም ይታወቃል፤ የበዓል ሰሞን ቀጠሮ ሲተላለፍ፣ በዚያው ላይ ዶሮ ወጡና ጠላው ሲጨመር አደጋው ይበረታል። አቅም በርግጥ ካነሰ ቀኑን ቤተሰቡ ለብቻው አይቀንስ፤ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። እንደ ጳውሎስና ምኒልክ ያሉ የመንግሥት ሆስፒታሎችን፣ የኩላሊት ሕመምተኞች እጥበት በጎ አድራጎት ድርጅትንም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ወረፋ መያዝ ዘግይቶ ነው።

ነጋዴ ዕቃ የሚያዘው መደርደሪያው ባዶ ሳይሆን ነው። በእጥበትም እንዲሁ አስቀድሞ የሚታዘዝ ነገር አለ፤ ፊስቱላ ይባላል። በክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይገናኛሉ፤ ለመርፌ እስኪደርስም ከስድስት ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት ይፈጃል። ያልተዘጋጀ ሰው በአንገቱ በኩል በሚገባ ካቴተር ይጀምራል፤ ይህም ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2010 በአዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል የታጠቡትን የተከታተለ ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩት 42 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን፣ ካቴተር መጠቀምም ከሞት ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። ስለዚህ ሐኪሙ ‹‹ገና ነው፣ ግን እየደረሰ ነው›› ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ብር ለፊስቱላ ይውጣ። ፊስቱላ ባለበት ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ጀሪካን አይንጠለጠልም። አስታማሚው ጠዋት ጠዋት በጣቱ ሲዳስሰው የሚርገበገብ ነገር ይሰማዋል፤ ከጠፋ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። ካቴተር ያለው ሰው ብርድ ብርድ ካለውና ካተኮሰውም እንዲሁ፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አይጠበቅም።

ማዕድ ቤቱም የራሱ ሂሳብ አለው። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ቴምር ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። ድንች ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ቢደፋ ይቀንሳል። ጨው ጥም ያመጣል፤ ጥም ውኃ ያስጠጣል፤ ውኃው በሚዛን ላይ ይታያል። ስለዚህ የቤት ሚዛን ገዝቶ ጠዋት ጠዋት መመዘን ከብዙ መድኃኒት የረከሰ ነው። አንድ ነገር ግን ብዙ ቤት ይሳሳታል። ከእጥበት በፊት ሥጋና እንቁላል ቀንሱ የተባለው ምክር እጥበት ከተጀመረ በኋላም ሳይለወጥ ይቀጥላል። የሚታጠብ ሰው ግን ፕሮቲን ስለሚያጣ የበለጠ ያስፈልገዋል። ለወገብና ለራስ ምታት ተብሎ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የቀረውን ኩላሊት ይጎዳሉ።

ንቅለ ተከላን በተመለከተ በአገር ውስጥ ማዕከሉ የተከፈተው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ የአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ነበረበት። ኩላሊቱ የሚገኘው በሕይወት ካለ የቤተሰብ አባል ነው፤ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የተሳካለት ሰው ከማሽኑ ይላቀቃል፤ 21ዱ ሰዓት ወደ ሱቁ ይመለሳል። ሆኖም ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰደው መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚገዛ ስለሆነ ወርኃዊ ወጪው አይቀርም። ሂሳቡን የሚሠራ ቤተሰብ ለጋሹ ለምርመራ የሚመላለስባቸውን ቀናትና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሥራ የሚቀርባቸውን ሳምንታትም አብሮ ይጻፍ። ወንድም ወይም እህት ያለ ገቢ ተኝቶ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።