ሽንት ስለ ድባቴ የሚሰጠው ምስክርነት

ድባቴ ያደረበትን ሰው፣ እንቅልፍ ርቆት፣ ቀድሞ ደስ ይለው የነበረው ሁሉ ጣዕም አጥቶበት ሲያዩት፣ ዘመዶቹ «በርታ እንጂ፣ ምን ጎደለህ?» ይሉታል፤ እኔ ግን ይህን ቃል በሰማሁ ቍጥር አዝናለሁ፤ ሕመሙ በልቡና ብቻ ሳይወሰን በሥጋም ላይ ምልክት እንደሚተው፣ ምልክቱም በሽንት ሳይቀር እንደሚፈለግ ሊቃውንት ከመረመሩት ብዙ ዘመን ሆኗልና።

ምርምሩን ያነሣሡት ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረው ሬዘርፒን አንዳንድ ሕሙማንን በጽኑ ሐዘን እንደሚጥል ሲነገር፣ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ኢፕሮኒያዚድ በአንጻሩ ሕሙማኑን ያነቃቃ ነበር፤ የፊተኛው በነርቮች የተከማቸውን ኖርአድሬናሊን የሚያመናምን፣ የኋለኛው ግን እንዳይፈርስ የሚጠብቅ መሆኑ በመታወቁ፣ የቦስተኑ ሐኪም ጆሴፍ ሺልድክራውት እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ፣ ቢያንስ አንዳንዱ ድባቴ ከዚህ ንጥረ ነገር ማነስ ሊመጣ ይችላል የሚለውን አሳብ አብራርቶ አቀረበ። የሕያው ሰው አንጎል ተከፍቶ አይታይምና፣ ተመራማሪዎች ኖርአድሬናሊን ፈርሶ የሚተርፈውን፣ ኤምኤችፒጂ የተባለውን ንጥረ ነገር በሽንት ይለኩ ጀመር። ለዚህም ሕመምተኛው የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንቱን ሳያስቀር ያጠራቅማል፤ ከአልጋ መነሣት ለከበደው ሰው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ድባቴና ከልክ ያለፈ ፍንደቃ ከሚፈራረቁባቸው ሕሙማን በአንዳንዶቹ ልኩ ዝቅ ብሎ ቢገኝም፣ በሽንት ከሚወጣው ኤምኤችፒጂ የሚበዛው ከአንጎል ሳይሆን ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚመነጭ መሆኑ በኋላ ስለ ተገለጠ፣ የመጀመሪያው ተስፋ ቀዘቀዘ።

ከዚህ ይልቅ የኮርቲሶል ምስክርነት ጸንቷል። ከኩላሊቶች በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጨው ይህ ሆርሞን ማለዳ ከፍ፣ እኩለ ሌሊት ዝቅ ስለሚል፣ አንድ የደም ናሙና የማይገልጠውን የ24 ሰዓት ሽንት አጠቃሎ ያሳያል፤ ጽኑ ድባቴ ከያዛቸውም በከፊሉ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በብዙዎች ዘንድ ግን ልኩ እንደ ጤነኛ ሰው ነው። ስለዚህ ድባቴን ለይቶ የሚፈርድ የሽንት ምርመራ እስከ ዛሬ የለም፤ ሐኪሙ መጠየቅና ማዳመጥ አለበት፤ «ሽንትህ ደኅና ነውና አልታመምህም» የሚል ቢኖርም ግፍ ይሠራል።

ሽንቱ በእውነት የሚረዳው የኩሽንግ ሕመም ሲጠረጠር ነው። ብዙ ጊዜ ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ በበቀለ ትንሽ እብጠት ምክንያት ኮርቲሶል ከልክ በላይ ይፈስሳል፤ የታማሚው ፊት ይከብባል፣ ክንዱና እግሩ ይሰልላል፣ ብዙ ጊዜም ድባቴ አብሮ ይመጣል። በ24 ሰዓት ሽንቱ የኮርቲሶሉ ብዛት ታውቆ፣ የሕመሙ ምንጭ በሌሎች ምርመራዎች ተረጋግጦ፣ እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ የብዙዎቹ መንፈስ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይረጋጋል።