ብርጭቆን የሚያሳምር መርዝ

ውድ አንባቢ ሆይ፥ በደሴ ፒያሳም ሆነ በሌላ ገበያ ብርጭቆ ሊገዙ ቢገቡ፥ አንዱ ከሌላው ከበድ ያለ፥ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ፥ በጣት ሲመቱትም እንደ ደወል የሚያስተጋባ ሊያጋጥምዎ ይችላል። ይህን ጠባይ ለብርጭቆ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ እርሳስ የተባለው ማዕድን ነው።

እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ማለታችን አይደለም። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። እውነተኛው እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ፥ ከውሃ 11 እጥፍ የሚከብድ ማዕድን ነው።

ተራ ብርጭቆ የሚሠራው አሸዋ፥ ሶዳና የኖራ ድንጋይ በአንድነት ቀልጠው ነው። ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት የተባለ እንግሊዛዊ በ1670ዎቹ (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) የእርሳስ ኦክሳይድ ጨምሮ ክሪስታል የተባለውን ብርጭቆ ሠራ። በኤውሮጳ ገበያ አንድ ዕቃ የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 24 ከመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። እርሳስ ያለበት መስተዋት የራጅ ጨረርን ስለሚያግድ፥ በሐኪም ቤት የራጅ ክፍል መስኮትም ይሠራበታል።

ታዲያ ጉዳቱ ወዴት ነው? አንደኛው በፋብሪካው ነው፤ ሠራተኛው የኦክሳይዱን ብናኝና ጢስ ይተነፍሳል። ሁለተኛው በቤት ነው፤ ወይን ወይም ሌላ ኮምጣጣ መጠጥ በክሪስታል ጠርሙስ ውስጥ ለብዙ ቀን ሲቀመጥ እርሳሱ ቀስ በቀስ ወደ መጠጡ ይገባል። ሰውነት የገባው እርሳስ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ ደምን ያሳንሳል፥ የደም ግፊትን ይጨምራል፥ ኩላሊትን ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ግን በሕፃናት ላይ ነው፤ ከዋጡት እርሳስ ከአዋቂ ይልቅ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ሰውነታቸው ይገባል፥ የአእምሮአቸውንም ዕድገት ያደናቅፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ያስታውቃል።

ይህ መርዝ በብርጭቆ ብቻ አይወሰንም፤ በቀለምና በመኪና ባትሪም ይገኛል። ኢትዮጵያ በ2018 (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ነገር ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው ቀለም ዛሬም በብዙ ግድግዳና በር ላይ አለ።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የእርሳስ ክሪስታል ካለዎ ለእንግዳ ይቅዱበት እንጂ መጠጥ አያሳድሩበት፤ ለሕፃንም አይስጡበት። አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቁ። የተሰበረ ባትሪ ልጆች ከሚጫወቱበት ያርቁ። እርሳስ ሽታ የለው፥ ምሬት የለው፤ ሕፃኑ ትምህርት ሲከብደው ሰነፍ ነው ከማለት በፊት፥ ቤቱንም መመርመር ይገባል።