የኋላ አሞርዛተር ቅያሬ በግቢ ውስጥ፦ ረጅም መንገድ ከመጀመሩ በፊት

በደማምና በአል ኾበር መካከል የሚመላለስ የአል ራዋቢ ነዋሪ የመኪናው የኋላ አሞርዛተር መድከሙን የሚረዳው ብዙውን ጊዜ በሰፈሩ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ነው። መኪናው ጉብታውን ካለፈ በኋላ ወዲያው ከመርጋት ይልቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይነጥራል። ከኋላ የተቀመጡት ሕፃናት ይስቃሉ፤ አባታቸው ግን አይስቅም፤ በተለይ ቤተሰቡን ይዞ ለዑምራ ሊጓዝ ካሰበ፣ ከደማም እስከ መካ ያለው መንገድ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ያውቃልና።

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ደግሞ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ የሞላውን ንዝረት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ይህ ሲያቅተው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ንክኪ ይቀንሳል፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ለመቆም ይዘገያል፣ መስመር ሲቀየር ኋላው ይወላውላል። በአሞርዛተሩ አካል ላይ የወረደ ዘይትና በጎማው ላይ የሚታይ ወጣ ገባ መበላት አስተማማኝ ምልክቶች ናቸው። የመኪናውን ጀርባ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ የተለመደ ፍተሻ ቢሆንም፣ በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም።

ከጣሊያንኛ የወረስነውን «አሞርዛተር» የሚለውን ስም በአል ሱቅባ ወይም በአል ኹደሪያ ሱቅ የጠራ ኢትዮጵያዊ የሚረዳው ላያገኝ ይችላል። በሳዑዲ ባለሱቆች ዘንድ ዕቃው «ሙሳዒዳት» ይባላል፤ ትርጉሙም «ረዳቶች» ማለት ነው፤ ለሥራው የሚስማማ ስም ነው። ሁልጊዜም ግራና ቀኙ በአንድነት ይገዛል፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ሚዛኑን ያጣል። ደረሰኝ መቀበል ግዴታ ተደርጎ ይታይ፤ የተጭበረበረ መለዋወጫ የተሸጠለት ሰው ለንግድ ሚኒስቴር በ1900 ማመልከት ይችላል።

ቅያሬው በቤት መከናወን አለመከናወኑን የሚወስነው የመኪናው አሠራር ነው። በባሌስትራ በሚሄዱት እንደ ሂሉክስ ባሉ ፒክአፖች ወይም ሞላው ከአሞርዛተሩ ተነጥሎ በተቀመጠባቸው የቤት መኪኖች ሥራው ሁለት ቡሎን ከመፍታት ብዙም አያልፍም። ሞላው አሞርዛተሩን ከከበበው ግን ወደ ጋራዥ መውሰድ ይበጃል፤ ታፍኖ የተያዘ ሞላ ያለ ተገቢ መሣሪያ ሲፈታ ሰው ሊገድል በሚችል ኃይል ይፈናጠራል።

የባሕረ ሰላጤው ጨዋማና እርጥብ አየር ቡሎኖችን ስለሚያዝግ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በዋዜማው ምሽት መርጨት ድካምን ይቀንሳል። ሥራው ከፈጅር ሰላት በኋላ ቢጀመር መልካም ነው። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛን በፀሐይ ሥር ማሠራት በሕግ ተከልክሏል፤ ሰው በሌላው ላይ የተከለከለውን በራሱ ላይ ለምን ይጭናል?

መኪናው በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል፤ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በጠንካራ ነገር ይታገዳሉ። ይህ አይዘለልም፤ በአብዛኞቹ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ፣ እነዚያ ከመሬት ከተነሡ በኋላ መኪናውን የሚያቆመው ነገር የለም። የጎማ ዳዶዎች ገና መሬት ላይ ሳለ ላላ ይደረጋሉ፤ ከዚያም መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በብረት መደገፊያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ብሎኬትም መደገፊያ አይሆንም፣ ድንገት ይፈረካከሳልና።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። አሞርዛተሩ አክስሉ ከመጠን በላይ እንዳይወርድም ይይዛል። ስለዚህ ቡሎኑ ከመፈታቱ በፊት አክስሉን በሁለተኛ ክሪክ መደገፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አክስሉ ወርዶ የፍሬኑን ቱቦ ሊበጥስ፣ ሞላውንም ከቦታው ሊያስወጣ ይችላል። በቤት መኪኖች የላይኛው ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃ መጫኛው ሽፋን ሥር ይገኛል። ዘንጉ አብሮ ከዞረ በጫፉ በመፍቻ ይያዝ እንጂ የሚያብረቀርቀው ክፍል በፒንሳ አይነካ፤ ትንሽ ጭረት የዘይት መከላከያውን ትቆርጣለች።

አዲሱ ሲገጠም የላይኛው ዳዶ ይጠብቃል፣ ጎሚኒ ያለበት የታችኛው ቡሎን ግን በእጅ ብቻ ይያዛል። መኪናው በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ፣ ወይም አክስሉ በክሪክ እስከ መደበኛ ከፍታው ከተነሣ በኋላ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃል። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠማዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። ከጋራዥ የወጣ አዲስ አሞርዛተር እንኳ በአጭር ጊዜ መንጫጫት ሲጀምር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሙያውን የለመደ ሰው የጎረቤቱን መኪና በክፍያ እንዲሠራ መጠየቁ አይቀርም። የራስን መኪና መጠገን አንድ ነገር ነው፤ በኢቃማ ላይ ከተመዘገበው ሥራና አሠሪ ውጭ ገንዘብ መቀበል ግን በሕግ ያስጠይቃል። ለዓመታዊው የፈሕስ ምርመራ ሲባል በጥድፊያ መሥራትም አይመከርም፤ ለጉዞው ቀርቶ ለምርመራው እንኳ ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል።

ጋዝ ያለበት አሮጌ አሞርዛተር በግፊት የታጨቀ በመሆኑ አይቆረጥም፣ እሳት ውስጥም አይጣልም። ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላም ዳዶዎቹ፣ የጎማዎቹ ጭምር፣ እንደገና ይፈተሹ፤ ወደ መካ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።