ጨው፣ ቆጮና የጉድጓድ ውሃ፤ በሐዋሳ ዙሪያ አንጎልን የሚያጠኑት እነማን ናቸው?

በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በሲዳማ ገጠር የሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶችን ደም መርምሮ አንድ ጥያቄ አነሳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው የዚንክ መጠን ከማሰብ ችሎታዋ ጋር ይገናኛል ወይ? ከአጥኚዎቹ መካከል ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የውልሰው አበበ፣ ከአሜሪካ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርባራ ስቶከር፣ ከኒውዚላንዱ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ሮዛሊንድ ጊብሰን፣ ከኮሎራዶ ደግሞ ማይክል ሃምቢጅ ይገኙበታል። የአብዛኞቹ ሙያ ሥነ ምግብ ነው። ያነሱት ጥያቄ ግን የአንጎል ጥያቄ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ስለሚደረግ የአንጎል ጥናት ለመናገር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በሌላው ዓለም የአንድ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሳይንስ ቤተ ሙከራ አባላት ሲዘረዘሩ አንድ ፕሮፌሰር፣ ጥቂት የዶክትሬት ተማሪዎች፣ የአይጥ ቤት ጠባቂና ማይክሮስኮፕ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ይጠቀሳሉ። ሐዋሳን በዚህ መልክ ብቻ የሚፈልግ ሰው ዋናውን ነገር ሳያየው ያልፋል። ዩኒቨርሲቲው በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም ከመሠረቶቹ አንዱ በ1976 የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነበር። ከእርሻ የተነሳ ተቋም ስለ ሰው አካል ሲጠይቅ በምግቡ በኩል መጀመሩ አያስገርምም። የአንጎል ጥያቄም እዚህ የገባው በጓሮና በማጀት በኩል ነው።

ወደ ዚንክ እንመለስ። በሲዳማ ገጠር የዕለት ምግቡ በአብዛኛው ከእንሰት የሚሠራ ቆጮና ቡላ፣ ከዚያም በቆሎ ነው። እንሰት ድርቅን የሚችል፣ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ የሚያኖር ድንቅ ተክል ነው፤ ነገር ግን ከስታርች በቀር የሚሰጠው ነገር ትንሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ዚንኩም ያንሳል። በቆሎ የተሻለ ዚንክ ቢኖረውም ፋይቴት የሚባል ውህድ አብሮት አለ፤ ይህ ውህድ አንጀት ውስጥ ዚንኩን ጠፍሮ ይይዝና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። እነየውልሰው አበበ በ2007 ባሳተሙት ሌላ ሥራ በሲዳማ ገጠር የሚበሉ ምግቦችን ጥሬውንም የበሰለውንም ሰብስበው የፋይቴት፣ የዚንክ፣ የብረትና የካልሲየም መጠናቸውን ለክተዋል። ማብላላት ፋይቴትን ይሰብራል፤ ቆጮን ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ የማቆየቱ ልማድ ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የሚጎድለው ዚንኩ ራሱ ነው፤ እሱ በብዛት ያለው ሥጋ ውስጥ ነው፣ ሥጋ ደግሞ ከብዙ ቤት ገበታ ላይ በዓመት የሚቆጠር ቀን ብቻ ነው የሚገኘው።

ዚንክ ለአንጎል ምን ያደርጋል? ለማስታወስ ወሳኝ በሆነው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ዚንክን በጥቃቅን ከረጢቶች ያጠራቅማሉ፤ ለጎረቤት ሴል መልእክት ሲልኩም ከመልእክተኛው ኬሚካል ጋር አብረው ይለቁታል። ከዚያም በላይ ዚንክ ሴል ሲከፋፈልና ሲያድግ የሚሠሩ የብዙ ኢንዛይሞች አካል ነው። በእርግዝና ወቅት ደግሞ አንድ አንጎል ሌላ አንጎል እየገነባ ነው፤ ፍላጎቱ ይበልጥ የሚሰማውም ያኔ ነው።

ይህን ሰው ላይ መለካት ግን ከባድ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አጥኚዎቹ የተጠቀሙበት ሬቨን የሚባለው በቀለማት የተሠራ ፈተና ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል 12፣ በድምሩ 36 ሥዕሎች ይቀርባሉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ቁራጭ ጎድሏል፤ ተፈታኟ ከስድስት አማራጮች የሚገጥመውን ትመርጣለች። ማንበብ አይጠይቅም፣ መጻፍ አይጠይቅም፤ ማብራሪያው በሲዳምኛ ተሰጥቷል። በመጀመሪያውና በቀላሉ ክፍል የደማቸው ዚንክ ከፍ ያለው እናቶች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ሆኖም ዕድሜና ትምህርትም ከውጤቱ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ዚንክ ያነሳት እናት ብዙ ጊዜ ድሃ ናት፤ ድሃ የሆነችው ደግሞ ትምህርት ቤት ያልገባች፣ በወሊድ የተዳከመች፣ በወባ የተመታች ልትሆን ትችላለች። በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ አይታ የማታውቅ ሴት ማሰብ ሳያቅታት ፈተናው እንግዳ ስለሆነባት ብቻ ነጥብ ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ ጥናቱ የሚነግረን ዚንክና አስተሳሰብ አብረው ሲወርዱ መታየታቸውን ነው፤ አንዱ ሌላውን ማውረዱን በራሱ አያረጋግጥም። ይህን ልዩነት የማይታገሥ ሰው የአንጎል ጥናት ዜና ባያነብ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

በዚያው 2009 ዓለምፀሐይ ቦጋለ፣ የውልሰው አበበና ባልደረቦቻቸው ከዚንክ ወደ አዮዲን ተሻገሩ፤ በሲዳማ ገጠር እናቶችንና የአምስት ዓመት ልጆቻቸውን አብረው አጠኑ። እዚህ ላይ አሠራሩ የበለጠ ግልጽ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ፅንስ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው፤ የነርቭ ሴሎች ከተወለዱበት ቦታ ተነስተው ወደ መኖሪያቸው የሚጓዙትም፣ የነርቭ ክሮች ቅባታማ ሽፋናቸውን የሚለብሱትም በዚህ ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ሆርሞኑ ቢጎድል ጉዞው ይዛባል፤ በኋላ የሚሰጥ አዮዲን ያለፈውን አይመልስም። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 250 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ ለዓይን እንኳ የማይሞላ። ይህች ትንሽ ነገር መጥፋቷ አንድን ትውልድ ከትምህርት ወደ ኋላ ልታስቀር መቻሏ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

የጠፋችበት መንገድ ደግሞ ከፖለቲካ ጋር የተሳሰረ ነው። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በፊት ኢትዮጵያ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከኤርትራ በኩል ታገኝ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ገበያውን የያዘው የአፍዴራ ጨው ሆነ፤ አዮዲን አልነበረውም። በ2005 ቸርነት አቡዬና ባልደረቦቹ በሀገር አቀፍ ደረጃ ባደረጉት ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶ 40 የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። በዚያ ዓመት በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 15 ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 89 ወጣ። አዮዲን አለው ማለትና በቂ አለው ማለት ግን ይለያያል፤ ለጤና ባለሙያዎች አሁንም ሥራ የሆነው ሁለተኛው ነው።

ከዚህ ደንብ ጋር የተያያዘ፣ በእኔ ግምት በሀገራችን ከተሠሩት ብልህ ጥናቶች አንዱ የሆነ ሥራ አለ። የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ ክልል 60 ወረዳዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አዮዲን ያለው ጨው ለመላው ሀገር መዳረሱ አይቀርም፤ ግን በአንድ ቀን ለሁሉም አይደርስም። እነሱ ለግማሾቹ ወረዳዎች ቀድሞ እንዲደርስ አደረጉ፤ ቀሪዎቹ በመደበኛው ስርጭት ጠበቁ። በ2018 የታተመው ውጤት ጨው ቀድሞ በደረሰባቸው ወረዳዎች ያሉ ሕፃናት በአእምሮ እድገት ፈተና የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። ዕጣው ድህነትንና ትምህርትን ለሁለቱም ወገን እኩል ስላከፋፈለ፣ የሲዳማው የአዮዲን ጥናት ሊመልሰው ያልቻለው የምክንያት ጥያቄ እዚህ መልስ አገኘ። አንዱ ጥናት ጥርጣሬውን ያነሳል፣ ሌላው ይፈትነዋል፤ ሁለቱ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባይሠሩም የአንድ ጥያቄ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ውሃው። ሐዋሳ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የሸለቆው እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ፍሎራይድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ከዚህ ያልፋሉ። ጥርስ መበለዙን ሁሉም ያውቀዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በ1990 የጻፉት ግን ከጥርስ አልፎ ስለሄደው ነው። ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያለ ውሃ የጠጡ ሰዎች አጥንት ያለ ልክ ሊወፍር ይችላል፤ የጀርባ አጥንቶች ሲወፍሩ በመካከላቸው የሚያልፈውን ሕብለ ሰረሰርና የነርቭ ሥሮች ይጫናሉ፣ እግር ይዝላል፣ በመጨረሻም መራመድ ይቀራል። በወንጂ ስኳር እርሻ የታየው ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከሕብለ ሰረሰር ወደ አንጎል ወጥቷል። በአሜሪካ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቴዎድሮስ ራንጎ ጎደቦ ከባልደረቦቹ ጋር በ2023 ባሳተመው የሙከራ ጥናት በስምጥ ሸለቆ ገጠር የሚኖሩ 74 ልጆችን ፈተነ። አንዳንዶቹ የሚጠጡት ውሃ ፍሎራይዱ በሊትር ከ15 ሚሊግራም በላይ ነው። ልጆቹ ሰው፣ ቤትና አህያ እንዲሥሉ ተጠየቁ፤ በተጨማሪም የማስታወስ ፈተና በኮምፒውተር ወሰዱ። የውሃቸው ፍሎራይድ ከፍ ባለ መጠን ከሥዕላቸው የሚጎድለው ዝርዝርና በማስታወስ ፈተናው የሚሠሩት ስህተት ጨመረ። አህያ መመረጧ ትልቅ ማስተዋል ይመስለኛል። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ጀሪካን የተጫነች አህያ በየቀኑ ያያል፤ ጆሮዋን፣ ጭራዋን፣ አራቱን እግሮቿን ቢረሳ የማያውቀውን ነገር ተጠይቆ አይደለም። ሬቨን በሲዳማ እናቶች ፊት የነበረበት ችግር እዚህ በከፊል ተቃልሏል። ጥናቱ ትንሽ መሆኑ ግን እውነት ነው። በ2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማ ነገሮች ጥናት ፕሮግራም የዓለምን ማስረጃ መርምሮ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ የሆነ ፍሎራይድ ከልጆች የአእምሮ ችሎታ መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ እርግጠኝነት ደምድሟል። ለአሜሪካውያን ይህ በቧንቧ ውሃ ላይ ስለሚጨመር ነገር የሚደረግ ክርክር ነው፤ ለእኛ ደግሞ ምድሪቱ ራሷ የምትሰጠን ውሃ ነው።

ረዳ ተክለሃይማኖት ከተነሱ አይቀር የዚህ ዓይነቱ ጥናት አባት እሳቸው መሆናቸውን መናገር ይገባል። በዚያው በ1990 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ሠራተኞችን ቤት ለቤት ልኮ 60,820 ሰዎችን አዳረሰ፤ ከእነዚህ 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ። ሐኪም ቤት ተቀምጦ በሽተኛ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቁጥር አያገኘውም፤ አብዛኞቹ ሐኪም ቤት አልመጡምና። በደጃፍ ቆሞ ልጅሽ ራሱን ስቶ ወድቆ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀው የአካባቢው ወጣት የጥናቱ ዋና መሣሪያ ነበር።

በሰሜን ደግሞ ጓያ የሚባለው ጥራጥሬ አለ። ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። ጥፋተኛው ኦዳፕ የሚባል ውህድ ነው፤ እንቅስቃሴን የሚያዙትን የነርቭ ሴሎች ያለ ልክ እያነቃቃ ይጎዳቸዋል። ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታ የተነሳውን ወረርሽኝ አጥንተው በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። ቀጥለውም ጓያው በምን መልክ እንደተበላ ጠየቁ፦ ተቆልቶ እንደ ቆሎ፣ በንፍሮ፣ በእሸት የበሉት የበለጠ ተጎድተዋል፤ ከእህል ጋር ቀላቅለው ወይም ቅመም ባለው ወጥ መልክ የበሉት አነስ ያለ አደጋ ነበረባቸው። ከእናቶች ጓዳ የተገኘ፣ በእናቶች ጓዳ ሊሠራበት የሚችል ግኝት ነው።

ክፍተቱም እዚሁ ላይ ይታያል። የምርምሩ ሰንሰለት ከማጀት ይነሳና ወደ ሴሉ ሳይደርስ ሀገር ውስጥ ይቋረጣል። የደም ናሙናው ብዙ ጊዜ ባሕር ይሻገራል፤ ሴሉ የሚታየው፣ ውህዱ የሚለካው ሌላ ቦታ ነው። ይህን ለመቀጠል የግድ በሚሊዮን የሚገመት መሣሪያ አያስፈልግም። ከ2010 ወዲህ በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚንቀሳቀሰው ትሬንድ የተባለ ማኅበር የአንጎልን አሠራር በፍሬ ዝንብ ማጥናትን ለወጣት ተመራማሪዎች ሲያስተምር ቆይቷል፤ ዝንብ ርካሽ ናት፣ ቶሎ ትራባለች፣ የነርቭ ሴሎቿም ከእኛ ጋር ብዙ ኬሚካል ይጋራሉ።

ሐዋሳ ከየትኛውም የአውሮፓ ቤተ ሙከራ ይልቅ ልትመልሰው የምትችለው አንድ ጥያቄ አለ። በ2018 በካናዳ በተደረገ ጥናት ፍሎራይድ ከታይሮይድ ሥራ መዛባት ጋር የተያያዘው አዮዲን ባነሳቸው ሰዎች ላይ ነበር። በሲዳማ ቆላ አንድ ልጅ ሁለቱም ሊገጥሙት ይችላሉ፤ ፍሎራይዱ የበዛ ውሃ ይጠጣል፣ እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ያነሰው ጨው በልታ ሊሆን ይችላል። እስካሁን ያነሳናቸው ጥናቶች አንዱን ወይም ሌላውን ይዘው ነው የሄዱት። ከአንድ ልጅ በአንድ ቀን የሚወሰድ አንድ ብልቃጥ ሽንት የሁለቱንም የዛሬ መጠን ለመለካት መነሻ ይሆናል፤ ለሥዕሉም እርሳስና ወረቀት።