ከኤሌክትሪክ መስመር ለራቀ የእርሻ ቤት ባለ 12 ቮልት የሙዚቃ መሣሪያ ስለ ማቋቋም

ገበሬ ቀኑን ሁሉ ከበሬው ጋር ደክሞ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ፥ ከእህልና ከውሃ ቀጥሎ የሚሻው ዕረፍት ነው። ዕረፍትም ያለ ወሬና ያለ ዜማ ሙሉ አይሆንም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት አገር ሁሉ ሰው ራዲዮና ሙዚቃ የሚያሰማ መሣሪያ ለመግዛት ይተጋል፤ አንዱ በግሉ፥ ሌላውም ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ይገዛል።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እንዲህ ነው። መሣሪያው ለፋሲካ ገብቶ ሰፈሩን ሁሉ ያስደስታል፤ ክረምቱ በገባ ጊዜ ድምፁ ይደክማል፤ መስከረም ሲጠባ ባትሪው ሞቶ ዕቃው ከጥግ ተጥሎ አቧራ ይለብሳል። በጉን ሸጦ ያዋጣው ገበሬም «የፀሐይ ኤሌክትሪክ ውሸት ነው» ብሎ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ሹሙ ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተር ወይም ስለ ሌላ አዲስ መሣሪያ ቢመክረው በቀላሉ አያምንም። ስለዚህ ጉዳቱ የአንድ ባትሪ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ እምነትም ጭምር ነው። ጥፋቱ ግን የፀሐይ አይደለም፤ ሳይቆጠር የተገዛ ዕቃ ጥፋት ነው።

በሌላ አገር የታየ ምሳሌ

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ10 የገበሬ ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር የደረሰው ወደ 1 ለሚሆነው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ዜኒት የተባለው የራዲዮ ኩባንያ ዊንቻርጀር ከተባለው ኩባንያ ጋር ተስማምቶ፥ በ6 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ራዲዮና ባትሪውን በነፋስ ኃይል የሚሞላ ትንሽ መኪና ለገበሬው አቀረበ። የነገሩ ብልሃት ራዲዮው ከመጀመሪያው ለባትሪ ተስማምቶ መሠራቱ ነው። ራዲዮው የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ስለ ነበረ፥ ትንሿ የነፋስ መኪና በቃችው። ዛሬ በነፋሱ ፈንታ ፀሐይ፥ በ6 ቮልት ፈንታም 12 ቮልት ተተክቷል፤ ደንቡ ግን ያው ነው፤ አስቀድሞ ፍላጎትን ማሳነስ፥ ከዚያ በኋላ ባትሪና ሰሌዳ መግዛት ነው።

ስለ ማጉያውና ስለ ስፒከሩ

ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው በዚህ ስፍራ ነው። በከተማ ቤት የሚሠራውን ባለ 220 ቮልት ትልቅ ማጉያ ይገዛና፥ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚለውጥ ኢንቨርተር ይጨምርበታል። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራ ለራሱ ብቻ 10 ዋት ያህል ሊበላ ይችላል፤ ትልቁም ማጉያ ዘፈን ሳይጀመር 25 ዋት ያህል ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ምሽት 4 ሰዓት ቢከፈት፥ አንድ የክራር ድምፅ ሳይሰማ 140 ዋት-ሰዓት አለቀ ማለት ነው።

በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ግን ኢንቨርተር አያስፈልገውም። በተለይ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከተቀበለው ኃይል አብዛኛውን ለስፒከሩ ይሰጣል፤ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጥቂቱን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ለሚደረግ ማድመጥ እንዲህ ያለው ማጉያ በአማካይ 6 ዋት ያህል ቢወስድ ነው።

ከማጉያው ይልቅ ግን ስፒከሩ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ተራ ስፒከር ከሚቀበለው ኃይል ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ 1 እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በስፒከርና በስፒከር መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። በዕቃው ወረቀት ላይ በ1 ዋት፥ በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ድምፅ በደሲቤል ተጽፎ ይገኛል። 84 ደሲቤል የሚሰጠው ስፒከር፥ 90 ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮህ 4 እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። እንግዲህ ለተሻለ ስፒከር የሚጨመረው ገንዘብ ለትልቅ ባትሪና ለትልቅ ሰሌዳ ከሚወጣው ይተርፋል። ስፒከሩም ከግድግዳ አጠገብ ወይም ከጥግ ቢቀመጥ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ያለ ተጨማሪ ኃይል ይበረታል። በቆርቆሮ ቤት ዝናብ ሲመታና ድምፁ ሲዋጥም ማጉያውን ከማስጮህ ይልቅ ስፒከሩን ወደ አድማጩ ማቅረብ ይሻላል።

ስለ ሂሳቡ

አንድ የእርሻ ቤት ለምሳሌ ይታሰብ። ማጉያው 6 ዋት፥ ዜማው የተቀዳበት ስልክ ወይም ራዲዮው 2 ዋት፥ አንድ አምፖል 5 ዋት ቢወስዱ፥ በጠቅላላው 13 ዋት ይሆናል። ይህ በየምሽቱ 4 ሰዓት ቢሠራ 52 ዋት-ሰዓት ነው።

ደመና 3 ቀን ቢቆይ 156 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከያዘው ከግማሽ በላይ ሊወሰድበት ስለማይገባ፥ 312 ዋት-ሰዓት የሚይዝ መሆን አለበት። ይህም ለ12 ሲካፈል 26 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ ከ30 እስከ 35 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይበቃል። ለሰሌዳው ደግሞ በመንገድ የሚባክነው ሲታሰብ 52ቱ ወደ 74 ያድጋል። በክረምት ቀን የሚገኘው ብርሃን ከ3 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር እኩል ነው ተብሎ ቢገመት፥ 25 ዋት ያህል ሰሌዳ የዕለቱን ብቻ ይችላል። የተጎዳውን ባትሪ መልሶ እንዲሞላ ግን 50 ዋት ቢሆን ይመረጣል።

ሂሳቡ በክረምት እንጂ በበጋ ፀሐይ ሊሠራ አይገባም። ለፋሲካ ደኅና ሆኖ በክረምት የሚሞተው መሣሪያ በበጋ ፀሐይ ተቆጥሮ የተገዛው ነው።

ስለ ባትሪውና ስለ ሰሌዳው አያያዝ

የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት፥ ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ለመስጠት ነው፤ በየምሽቱ ቀስ በቀስ ቢመጠጥ ፈጥኖ ይሞታል። ስለዚህ ለፀሐይ ኃይል ተብሎ የተሠራውን መግዛት ይገባል። የሊትየም ባትሪ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም፥ ከያዘው አብዛኛውን ያለ ጉዳት ይሰጣል። በሰሌዳውና በባትሪው መካከል የሚቆመው ተቆጣጣሪ፥ ባትሪው ሲሞላ መሙላቱን የሚያቆም፥ ሲደክምም መሣሪያውን የሚቆርጥ መሆን አለበት። በበዓል ሌሊት ሙዚቃው ሲቋረጥ ሽቦውን ተቆጣጣሪውን አሳልፎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያስር ሰው ባትሪውን ይገድላል። የአሲድ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.2 ቢያሳይ ግማሽ ደርሷል፤ ያን ጊዜ መሣሪያውን አሳርፎ ፀሐይን መጠበቅ ይገባል።

ይህ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል አየር ያወጣል። ስለዚህ ከምድጃና ከመኝታ ርቆ፥ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ፥ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ።

ሰሌዳው የዛፍ ጥላ በማያገኘው ስፍራ ይተከል፤ አንዲት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥቂቱን ክፍል ብታጠላበት የሙሉው ሰሌዳ ኃይል እጅግ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ፀሐይ ከዓመቱ በሚበልጠው ወራት በቀትር ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፥ ሰሌዳው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያጋድል። ይህ ማጋደል ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበውም ይረዳል። የማጀት ጭስ በሚወጣበት በኩል ግን አይተከል፤ ጥላሸት ብርሃኑን ይከለክላልና።

ስለ ሽቦውና ስለ ፊውዙ

ቮልት ባነሰ ቁጥር ለዚያው ኃይል የሚሄደው አምፔር ይበዛል፤ ቀጭን ሽቦም ይህን አይችልም። ባትሪው ከማጉያው 10 ሜትር ቢርቅ፥ መሄጃና መመለሻው 20 ሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። በ3 አምፔር ጊዜ ባለ 1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 1 ቮልት ያህል ያስቀራል፤ ባለ 2.5 የሆነው ግን የሚያስቀረው 0.4 ቮልት ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ማጉያውን ወደ ባትሪው አቅርቦ የስፒከሩን ሽቦ ማስረዘም ነው።

ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ በስንዝር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ሳይገባ ምንም ሽቦ አይዘርጋ፤ ከላይ ለተነገረው መሣሪያ 5 አምፔር ይበቃዋል። 12 ቮልት ሰውን አይመታም ተብሎ ሊናቅ አይገባውም፤ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ባትሪው በመቶ የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ሊለቅ ይችላልና ሽቦው ግሎ የሣር ቤትን ያቃጥላል።

ድምፁ ስለሚበላሽበት ምክንያት

ስልኩ ከዚያው ባትሪ እየተሞላ ከማጉያው ጋር ቢያያዝ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ይህ የመሣሪያው ብልሽት አይደለም፤ ስልኩን ቀን ሞልቶ ማታ ነቅሎ ማጫወት ነው። በራዲዮም በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ላይ የሚሰማው ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ ከተቆጣጣሪው ይመጣል፤ ራዲዮውን ከእርሱ ማራቅ ይበቃል።

እንግዲህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንት፥ ባለ ይዞታዎችም፥ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ መሣሪያ ልግዛ ባለ ጊዜ ከዋጋው አስቀድመው ሦስት ነገር ቢጠይቁ ይበቃል። በምሽት ስንት ዋት-ሰዓት ይበላል? በክረምት ፀሐይ ተቆጥሯልን? ፊውዙና ተቆጣጣሪው ወዴት ናቸው? ነጋዴው እነዚህን በወረቀት ጽፎ ካልመለሰ ገንዘቡ ከኪስ አይውጣ። ከመንደሩም አንድ ጠንቃቃ ሰው ተመርጦ በየሳምንቱ ቮልቱን እየለካ በመዝገብ ቢጽፍ፥ ለፋሲካ የተሰማው ዜማ ለመስቀልም ይሰማል።