በስልካችን ውስጥ ያለው ወኪልና የሥልጣኑ ወሰን

አንድ ሰው ለሌላው ውክልና ሲሰጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ “ወኪሉ ምን እንዲያደርግ ተፈቀደለት?” የሚል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ንብረት ያስተዳድራል እንጂ ቤት አይሸጥም፤ ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ይኸው ጥያቄ ዛሬ በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥም አለ። ልዩነቱ እዚያ ጥያቄውን የሚያነሳ ሰው ብዙም አለመኖሩ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በአሰላ፣ በበቆጂና በኢተያ ስንዴና የብቅል ገብስ የሚሸጥ የአርሲ ገበሬም ጉዳዩ ይመለከተዋል። ስለዚህ የስልክ ፕሮግራም ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም።

አንድ የአንድሮይድ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሁለት ቋንቋ ይናገራል። ላይኛው ክፍል በጃቫ ወይም በኮትሊን ይጻፋል። የደንበኛው ስም፣ ስልክ ቁጥርና ቀሪ ሂሳብ “ኦብጀክት” በሚባል ጥቅል ውስጥ የሚቀመጡት እዚህ ነው። ታችኛው ክፍል በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጻፍ ሲሆን፣ ፎቶ እንደ መመርመርና ምስጢር እንደ መቆለፍ ያሉ ከባድ ሥራዎች ይሰጡታል። በሁለቱ መካከል ያለው አስተርጓሚ ጄኤንአይ ይባላል።

ታችኛው ክፍል የላይኛውን ጥቅል ለመንካት ሦስት እርምጃ ይበቃዋል። መጀመሪያ የጥቅሉን ዓይነት፣ ማለትም ክላሱን ይለያል። ቀጥሎ የሚፈልገውን መስክ በስሙና በዓይነቱ ጠርቶ መለያውን ይቀበላል። በመጨረሻም በዚያ መለያ ዋጋውን ያነባል ወይም ይለውጣል። ቀሪ ሂሳብ 500 የነበረውን 5,000 ማለት የአንድ መስመር ሥራ ነው።

አስገራሚው ነገር ላይኛው ጸሐፊ መስኩን “የግል” ብሎ ቢያጥረውም አጥሩ ከታች ለሚመጣው የማይሠራ መሆኑ ነው። ጄኤንአይ ይህን ክልከላ አይፈትሽም። የፊቱ በር ተቆልፎ የጓሮው ክፍት እንደ መተው ነው። እርግጥ ነው፣ እውነተኛው የሂሳብ መዝገብ ያለው በተቋሙ ሰርቨር ላይ በመሆኑ በስልክ ላይ የተለወጠ ቁጥር ገንዘብ አይወልድም። ሰውን ግን ያታልላል። ስለሆነም በገበያ ቀን ሻጭ ማመን ያለበት ገዢው የሚያሳየውን ስክሪን ሳይሆን በራሱ ሂሳብ ውስጥ የገባውን ነው።

የውክልናው ዘመንም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ታችኛው ክፍል ጥቅሉን የሚይዝበት መያዣ በተለመደው አሠራር ለዚያች ጥሪ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ጥሪው ሲያበቃ ይሻራል። አቆይቶ መጠቀም የሚፈልግ ቋሚ መያዣ መጠየቅ፣ ሲጨርስም ራሱ መሻር አለበት። በአንድ ጥሪ ውስጥ የሺህ አባላትን ዝርዝር እያነበበ መያዣዎቹን የማይለቅ ፕሮግራም ከአንድሮይድ 8 በፊት በነበሩ ስልኮች ላይ 512 ሲሞላ ይዘጋል። በገጠር አሮጌ ስልክ የያዘው ሰው ነው እንግዲህ ቀድሞ የሚጎዳው።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። “አሰላ” ላይኛው ክፍል ሲቆጥረው 3 ፊደል ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 9 ባይት ይሆናል። የአሰላው ተወላጅ የአትሌት “ኃይሌ ገብረሥላሴ” ስም ከክፍተቱ ጋር 10 ምልክት ሲሆን ከታች 28 ባይት ይፈልጋል። የላቲን ፊደል ብቻ አስቦ በፊደል ቁጥር ልክ ቦታ ያዘጋጀ ጸሐፊ ስሙን ይቆርጠዋል፤ ከዚያም ከባሰ የጎረቤቱን መረጃ ይደመስሳል። ስሙ ከመታወቂያው ጋር ያልተመሳሰለ ገበሬ ደግሞ ገንዘቡን ለመቀበል ሲጉላላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ከሁሉ የሚከብደው የፈቃድ ጉዳይ ነው። አንድሮይድ ፈቃድ የሚሰጠው ለፕሮግራሙ በሙሉ ነው፤ በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻ አይደለም። ተጠቃሚው “የስልክ ማውጫዬን ተመልከት” ብሎ ለአንዱ ሲፈቅድ፣ ከሌላ ድርጅት ተወስዶ የተገጠመው ታችኛ ክፍልም አብሮ ፈቃዱን ያገኛል። ይህ ባልተሰጠ ውክልና እንደ መሥራት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚሰበስበውን አካል ኃላፊ ያደርጋል። “ጥፋቱ ከውጭ ያመጣነው ክፍል ነው” የሚል መልስ ከዚህ ኃላፊነት በቀላሉ ሊያስመልጥ አይገባም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፕሮግራም የሚያሠሩ ማኅበራት፣ ዩኒየኖችና የገንዘብ ተቋማት በውላቸው ውስጥ ሦስት ነገር ያስገቡ። አንደኛ፣ የተገጠሙት ክፍሎች ዝርዝርና የእያንዳንዳቸው ሥራ በጽሑፍ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ አንድሮይድ ራሱ ባዘጋጀው “ቼክ ጄኤንአይ” በተባለው መፈተሻ፣ በአማርኛ ስሞችና በአሮጌ ስልክ ላይ ይሞከር። ሦስተኛ፣ ገንዘብን የሚመለከት ማንኛውም ውሳኔ በሰርቨር ይወሰን እንጂ በስልኩ ላይ ባለ ቁጥር አይወሰን። በአሰላ ያለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይህን ፍተሻ የመመረቂያ ሥራቸው ቢያደርጉት አካባቢያቸውን ይጠቅማሉ።

ወኪል ማብዛት በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ወሰኑ ያልተጻፈ ውክልና ነው።